የብሎክ ግምት ተሻሻለ ሲባል ምን ተሻሻለ? በሐይቅና በአምባሰል ምስሎች የተመዘነ ትችት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቪዲዮ ማመቅ ጥናት ውስጥ እጅግ የተደከመበትን አንድ ክፍል፣ ማለት የብሎክ ግምትን፣ መመርመር ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚወጡት የምርምር ጽሑፎች ብዙ ናቸው። የአብዛኞቹም መደምደሚያ አንድ ዐይነት ነው፤ አዲስ የግምት ስልት ቀርቦ ከቀድሞው ይልቅ ይህን ያህል በመቶ ቢት ቈጠበ ይላሉ። እኛ ቁጥሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን በምን ምስል፣ በምን መለኪያ፣ በማንስ ዐይን ተመዝኖ እንደ ተገኘ ሳይጠየቅ «ግምቱ ተሻሻለ» ብሎ መደምደም የሚያስኬድ አይመስለንም።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። የአንድ ግምት መልካምነት የሚታወቀው አስተካክሎ በገመተው ብቻ አይደለም፤ ሳያገኘው በቀረውና ከዚያም «ጥቂት ነው» ተብሎ በተጣለው ጭምር ነው። የሚጣለው ነገር በምስሉ ላይ እኩል ተበትኖ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ አማካይ ቁጥር በበቃ ነበር። የሚጣለው ግን ብዙ ጊዜ ምስሉ የተነሣበት ዋናው ጉዳይ ነው። ይህን ለማስረዳት ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ነው። ምክንያቱም የሐይቁ ውሃ፣ የግሸን በዓል ሕዝብ፣ የእስክስታው ትከሻና የብራናው ፊደል እያንዳንዳቸው የግምትን አንድ አንድ ድካም ስለሚያሳዩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ግምት ምን ይሠራል?

1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም ፒክሰል የሚባሉ 2,073,600 የምስል ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚታይ ቪዲዮ፣ ቀለሙ ሳይቀነስ እንዳለ ቢላክ፣ በየሰከንዱ ከ1.2 ቢሊዮን ቢት በላይ ይፈልጋል። በእጅ ስልክ የሚመለከት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው። እንግዲህ ከስድስት መቶ እስከ አንድ ሺሕ ሁለት መቶ ከሚሆነው አንዱ ብቻ ተልኮ ምስሉ መታየት አለበት ማለት ነው። ይህን የሚያስችለው ዋናው ዘዴ ግምት ነው።

ምስሉ ብሎክ በሚባሉ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። ኢንኮደሩ እያንዳንዱን ብሎክ ከመላኩ በፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ግምቱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በዚያው ፍሬም ውስጥ አስቀድሞ ከተላኩት ጎረቤት ፒክሰሎች ይነሣል፤ ሁለተኛው ካለፉት ፍሬሞች ተመሳሳይ ብሎክ ፈልጎ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ በቬክተር ያመለክታል። ከዚያም እውነተኛው ብሎክ ከተገመተው ጋር ይተያይና ልዩነቱ ይወሰዳል። ይህን ልዩነት እኛ «ቀሪ» እንለዋለን። ቀሪው ወደ ሞገድ መጠኖች ተለውጦ፣ ተጠጋግቶ ይላካል። ተቀባዩም ያንኑ ግምት በራሱ ሠርቶ ቀሪውን ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቀሪው ሳይጓደል ቢላክ ኖሮ፣ መጥፎ ግምት የሚያስከፍለው ቢት እንጂ ምስሉን አይጐዳውም ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው በማጠጋጋቱ ነው። ግምቱ «ይህን ይመስላል» ይላል፤ ማጠጋጋቱ ደግሞ «የቀረው ትንሽ ነውና ይቅር» ይላል። ሁለቱ ተባብረው ነው አንድን ነገር ከምስሉ የሚያጠፉት። ስለዚህ ግምትን ከማጠጋጋት ለይቶ ማመስገን ሥራውን በግማሽ ማየት ነው።

የግምቱ እድገት ግን ሊካድ የማይገባው ነው። በ1988 የወጣው ኤች.261 በ16 በ16 ብሎክ፣ በሙሉ ፒክሰል ርምጃ ብቻ እንቅስቃሴን ይፈልግ ነበር። በ2003 የወጣው ኤች.264 እስከ 4 በ4 ድረስ ከፋፍሎ፣ በሩብ ፒክሰል ርምጃ ሲፈልግ፣ ለ4 በ4 ብሎክ ከጎረቤት የሚገመትባቸው 9 ስልቶች ነበሩት። በ2013 የወጣው ኤች.265 ስልቶቹን 35 አደረሳቸው። በ2020 የወጣው ኤች.266 ደግሞ 67 አድርጎ፣ እስከ 128 በ128 የሚደርስ ብሎክና መዞርን ማስፋትንም የሚገልጽ የእንቅስቃሴ ሞዴል ጨመረ። የኋለኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ለተመሳሳይ የእይታ ጥራት የቀደማቸውን ግማሽ ያህል ቢት እንዲበቃ ለማድረግ የታሰቡ ናቸው። ዛሬ በሐይቅ ከተማ የተቀመጠ ሰው በእጅ ስልኩ ቪዲዮ ማየት የቻለው በእነዚህ መሐንዲሶች ድካም ነው። ትችታችን ይህን ውለታ አይዘነጋም።

ለ. መለኪያው

በ2001 ጊስሌ ብዮንተጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሰው ሁለት ኮዴኮችን የማወዳደሪያ ስልት አቀረበ። ይኸውም በልዩ ልዩ የቢት መጠን የተገኘውን ጥራት በመስመር አስይዞ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን አማካይ ርቀት መውሰድ ነው። ዛሬ «ይህን ያህል በመቶ ቈጠበ» የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ስልት ነው። ጥራቱ ራሱ የሚለካው ደግሞ ፒ.ኤስ.ኤን.አር. በሚባለው ዴሲቤል ነው፤ እርሱም የስሕተቶቹ ካሬ አማካይ በሎጋሪዝም ሲገለጽ ነው።

ይህ መለኪያ ለማስላት ቀላል ነው፤ ማንም በማንኛውም አገር ደግሞ ቢሠራው አንድ መልስ ያገኛል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ትንሽ ስሕተትንና ትንሽ ነገርን አይለይም። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ የት እንደ ወደቀ አይናገርም። እነዚህን ከዚህ በታች በምስሎቹ ላይ በቁጥር እናሳያለን።

ከመለኪያው ቀጥሎ የሚጠየቀው የተለካው ምስል ነው። በመስኩ የታወቁት የመፈተኛ ቪዲዮዎች ጥቂት ናቸው፤ የራስ ቁር ያደረገው ፎርማን፣ ዜና የምታነበው አኪዮ፣ ኪሞኖ፣ ባስኬትቦል ድራይቭ፣ ሬስሆርስስና የመሳሰሉት። ውሃ ጨርሶ የለባቸውም አንልም፤ ኮስትጋርድ የሚባለው ጀልባ በውሃ ላይ ሲሄድ ያሳያል። ሆኖም ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ እስክስታ የሚወርድ ጨዋታ ወይም የግእዝ ፊደል የተጻፈበት ብራና በእነዚህ ውስጥ የለም። ግምት ደግሞ ከተፈተነበት ምስል ጠባይ ጋር እየተስማማ የሚያድግ ነገር ነው። ተማሪ ለፈተና የሚያጠናው የሚጠየቀውን እንደ ሆነ ሁሉ፣ ኮዴክም የሚሻሻለው በሚፈተንበት በኩል ነው።

ሐ. አራት ምስሎች

አንደኛ፣ የሐይቁ ውሃ። የሐይቅ ባሕር ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም የተሠራበት ስፍራ ድሮ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በጠዋት ፀሐይ የውሃውን ፊት ለሚያነሣ ሰው ብርሃኑ በሞገዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ ብልጭታ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ አካል አይደለም፤ እዚህ ይጠፋል፣ እዚያ ይበራል። ኢንኮደሩ ግን «ከየት መጣ?» ብሎ ካልጠየቀ ሌላ መጠየቅ አያውቅም። ስለዚህ ባለፈው ፍሬም ከሌላ ስፍራ የሚመስል ብልጭታ ፈልጎ ቬክተር ይሰጠዋል። የቁጥሩ ስሕተት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ቬክተሩ ግን ሐሰት ነው። አጠገቡ ያለው ብሎክም ሌላ ሐሰተኛ ቬክተር ይመርጣል። በሁለቱ መካከል የሚታየውን ስፌት ለመሸፈን የሚመጣው ማለስለሻ ውሃውን ዘይት ያስመስለዋል። ቢቱ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ብሎኩ «እንደ ቀድሞው ይቆይ» ተብሎ ይታለፍና፣ ታንኳው እየሄደ ውሃው ይቆማል። አዲስ ቁልፍ ፍሬም ሲመጣም ሐይቁ በአንድ ጊዜ ይነጥራል። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ተመልክቶ «የሐይቅን ባሕር አየሁ» የሚል ሰው ያየው ግምቱን ነው።

ሁለተኛ፣ የግሸን በዓል። በአምባሰል ወረዳ በምትገኘው በግሸን ደብረ ከርቤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። የሕዝቡ ልብስ በአብዛኛው ነጭ ነጠላ ነው። የነጠላ ሸማኔ ሥራው የሚታወቀው ነጩ ከነጩ በሚለይበት በትንሹ ጥላ ነው። አሁን እናስላ። የፈትሉ ጥላ ከነጩ አማካይ 2 ደረጃ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ነው እንበል፤ ጠቅላላው መለኪያ ከ0 እስከ 255 ነው። ግምቱ ብሎኩን ልሙጥ ነጭ ያደርገዋል። ቀሪው በ8 በ8 ብሎክ ውስጥ ወደ አንድ የሞገድ መጠን ሲሰበሰብ 11 ያህል ይሆናል። በኤች.264 የማጠጋጊያው ቁጥር 28 ሲሆን ርምጃው 16 ነው፤ 11 ወደ 16 ስለማይደርስ፣ ካለፈ ፍሬም በሚገመቱ ብሎኮች በተለመደው አሠራር ዜሮ ይባላል። ፈትሉ ጠፋ። በመለኪያው ዘንድ የዚህ ጥፋት ዋጋ ስንት ነው? የስሕተቱ ካሬ አማካይ 2 ነው፤ ይህም 45 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። ከ40 በላይ የሆነ ቁጥር እጅግ መልካም ተብሎ በሚቈጠርበት መስክ፣ ሸማኔው የደከመበት ሁሉ ተወልውሎ ሳለ ሰነዱ «እጅግ መልካም» ይላል። መለኪያው ትንሽ ስሕተትንና ትንሽ ነገርን አይለይም ያልነው ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ እስክስታ። በወሎ ጨዋታ ላይ ተመልካች ዐይኑን የሚጥለው በትከሻው ላይ ነው። ካሜራው መላውን መድረክ ሲያነሣ ግን ትከሻው ከምስሉ አንድ በመቶ ቢይዝ ነው። በ1080 መስመር ምስል ውስጥ 16 በ16 የሆኑ 8,160 ያህል ብሎኮች አሉ፤ ከእነዚህ 80 ያህሉ ትከሻ ናቸው እንበል። መጋረጃውና ወለሉ አይንቀሳቀሱምና ግምቱ በእነርሱ ላይ ይሳካል። ትከሻው ግን ይሰበቃል፣ ይዞራል፣ ነጠላውም በላዩ ይታጠፋል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲነሣ በሁለት ፍሬሞች መካከል 40 ሚሊ ሴኮንድ ስላለ እንቅስቃሴው ይደበዝዛል። በሌላው ሁሉ የስሕተቱ ካሬ አማካይ 6፣ በትከሻው 60 ቢሆን፣ ትከሻው ወደ 30 ዴሲቤል ይወርዳል። የጠቅላላው ምስል ቁጥር ግን ከ40.3 ወደ 40.0 ዝቅ ከማለት በቀር ምንም አይሆንም። የተበላሸው ጨዋታው ነው፤ የተመሰገነው መጋረጃው ነው።

ይህን ከዜማ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አምባሰል የአንድ ቅኝት ስም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ቅኝቱ አምስት ድምፆች እንዳሉት የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ከሚመጣው ድምፅ ብዙውን ሊገምት ይችላል። ዘፋኝን ከዘፋኝ የሚለየው ግን በአምስቱ ድምፆች መካከል የሚጨመረው መንቀጥቀጥና መሳብ ነው። ያንን «ትንሽ ነው» ብሎ የሚጥል ሰው ቅኝቱን ይዞ ዘፈኑን ይለቃል።

አራተኛ፣ የብራናው ፊደል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ዛሬም ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ምንጭ ነው። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም ተነሥቷል። ማይክሮፊልም ቢደበዝዝም አይገምትም። አሁን ግን ብራናም የፊደል ትምህርትም በታመቀ ቪዲዮ መታየት ጀምሯል። «ሂዱ» እና «ሄዱ» የሚለዩት በመጀመሪያው ፊደል እግር ላይ ባለው ምልክት ብቻ ነው፤ አንዱ ቅጥል ሲሆን ሌላው ቀለበት ነው። አንዱ ትእዛዝ፣ አንዱ የተፈጸመ ነገር ነው። ፊደሉ በስልክ ላይ 12 ፒክሰል ቁመት ቢኖረው ቀለበቱ ከ2 ወይም ከ3 ፒክሰል አይበልጥም። ከጎረቤት የሚገመትባቸው 9ኙም ሆኑ 67ቱ ስልቶች በአብዛኛው ቀጥተኛ አቅጣጫዎች ናቸው፤ መስመርን ያስቀጥላሉ እንጂ ቀለበትን አይገምቱም። ቀለበቱ የሚኖረው በቀሪው ውስጥ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፉት ቅዱሳት ስሞች ደግሞ የበለጠ ይጐዳሉ፤ በተለመደው አሠራር ቀለም የሚላከው ከብርሃኑ ናሙና በሩብ ነውና።

ይህ የሐሳብ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ መሣሪያዎች ያነሡትን ሰነድ ሲያምቁ 6ን ወደ 8 እንደሚለውጡ አሳየ። መሣሪያው ተመሳሳይ የመሰሉትን ትንንሽ የምስል ክፍሎች አንዱን በሌላው ይተካ ነበር። ውጤቱ የደበዘዘ አልነበረም፤ ጥርት ያለ ስሕተት ነበር። የደበዘዘ ፊደል አንባቢውን ያስጠነቅቀዋል፤ ጥርት ብሎ የተሳሳተ ግን ያታልለዋል።

መ. ሊቀርቡ የሚችሉ መልሶች

«ይህ የታወቀ ነው፤ ሌሎች መለኪያዎች አሉ» የሚለን ሰው ይኖራል። እውነት ነው። በ2004 ኤስ.ኤስ.አይ.ኤም.፣ በ2016 ደግሞ ከኔትፍሊክስ ቪ.ኤም.ኤ.ኤፍ. ወጥተዋል፤ ሁለቱም ለሰው ዐይን ይቀርባሉ። በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችም የቁጥሩን ድካም ያውቃሉ። ኤክስ264 የሚባለው ነጻ ኢንኮደር ቢትን ወደ ልሙጥ ስፍራዎች የሚያዛውርና ለዐይን የሚያስብ አሠራር አለው፤ ነገር ግን ይህ አሠራር የፒ.ኤስ.ኤን.አር. ቁጥርን ስለሚቀንስ፣ ለፈተና ብቻ ሲፈለግ የሚያጠፋው የተለየ ትእዛዝ ተበጅቶለታል። ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም። ለዐይን የሚሻለው ለፈተናው የማይሻል ከሆነ፣ ጥፋቱ የፈተናው ነው። ቪ.ኤም.ኤ.ኤፍ.ም ቢሆን ከተመልካቾች በተሰበሰበ ፍርድ የተማረ ነው፤ ትከሻን የሚያይና ነጠላን የሚለይ ተመልካች ካልፈረደበት ስለዚያ ሊያውቅ አይችልም።

«ቢት ይጨመር» የሚለውም መልስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚከፍለው ማን ነው? የስልክ ዳታ በሜጋባይት ተሰፍሮ ይገዛል። ደግሞም አንድ ቪዲዮ ወደ ማሰራጫ ሲገባ እንደ ገና ይታመቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ያተረፈው ጥራት እንኳ እስከ ተመልካቹ አይዘልቅም።

ሦስተኛው መልስ «ግምቱ ከብዙ ምስል በሚማር ማሽን ይሠራል» የሚል ነው። በኤች.266 ውስጥ እንኳ በትምህርት የተገኙ ቁጥሮች ያሉበት የግምት ስልት ገብቷል። ተስፋው ትልቅ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻውም ስለዚህ ነው፤ የተማረ ግምት ያላየውን ነገር ካየው ነገር ጋር ያመሳስለዋል። ጥለቱን ጥለት የመሰለ ነገር፣ ቀለበቱንም ቅጥል ሊያደርገው ይችላል፤ ያውም በጥርት።

ሠ. ምን ይደረግ?

ትችት ብቻውን ጥሎ መሄድ አይገባምና ከአቅማችን ያልራቀ ሐሳብ እናቀርባለን። የኤች.265ና የኤች.266 የማመሳከሪያ ሶፍትዌር ለማንም ክፍት ነው፤ ኤክስ264ም እንዲሁ። የጎደለው ምስሉ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የገዳሙንና የሚነሡትን ሰዎች ፈቃድ አግኝተው፣ አሥር አሥር ሰከንድ የሚሆኑ ያልታመቁ ቪዲዮዎች ያሰናዱ፤ የሐይቁን ውሃ በጠዋት፣ የግሸንን ሕዝብ ከቅርብና ከሩቅ፣ እስክስታን በሰከንድ 50 ፍሬም፣ የብራናውን ገጽ ሲገለጥ።

ሁለተኛ፣ ውጤት ሲጻፍ ከአማካዩ ቁጥር ጋር እጅግ የተጐዳው አንድ በመቶ ብሎክ ስንት እንዳገኘና በምስሉ የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይገለጽ። ይህ ጥቂት የፕሮግራም መስመሮች እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ሦስተኛ፣ የሚፈርዱት የላቦራቶሪ ባልደረቦች ብቻ አይሁኑ። ሸማኔው ነጠላውን፣ ተጫዋቹ ትከሻውን፣ የግእዝ መምህሩ ፊደሉን ይመልከት። ጥያቄውም «ጥሩ ነው ወይ?» አይሁን፤ እንዲህ ሲጠየቅ ሰው በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላል። «ምን ጎደለ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ጉዳዩ የቸኮለ የሆነበት ምክንያት አለ። ዛሬ የሚነሣው የዘፈን፣ የበዓልና የብራና ቪዲዮ ነገ የታሪክ ሰነድ ነው። ብዙ ጊዜም ዋናው ቅጂ ተደምስሶ የታመቀው ብቻ ይቀራል። ከሐይቅ የተገኘው ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ፊደሉ ይነበባል። እኛ በዚህ ዘመን የምናነሣው ምስል ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ተመልካቹ የሚያገኘው የወሎን ሰው ትከሻ ወይስ ኢንኮደሩ ስለ ትከሻው የገመተውን? የብሎክ ግምትን እናሻሽላለን የሚሉ ሁሉ ከመቶኛው ቁጥር አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።